ዘሃራ እና አቤት ያላለው ቺፕ

ዘሃራ መሞቷን የነገረኝ ጃርሶ ነው። ነገሌ ቦረና አብረን ስንሠራ የጄኔሬተር ሠራተኛችን ነበር። ዛሬ አርጅቷል፤ ጆሮውም ስለደከመ ስልክ ሲያወራ ከወንዝ ማዶ የሚጣራ ይመስላል።

«ታደሰ! ዘሃራ አረፈች! ትናንት ቀበርናት!»

አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ ነፍሷን ይማር ወይም አላህ ይማራት። ጃርሶ ግን ቀጠለ። ከሊበን ገጠር ሰው በጭነት መኪና ተጭኖ መምጣቱን፣ ወደ ዶሎ የሚወርዱ ሹፌሮች መኪናቸውን ዳር አስይዘው መውረዳቸውን፣ ሱቆች መዘጋታቸውን፣ መስጊዱ አልበቃ ብሎ ሰው መንገድ ላይ መስገዱን፣ ክርስቲያኑም ነጠላውን አዘቅዝቆ ዳር ቆሞ ማልቀሱን ነገረኝ።  ከሐዘኑ በፊት፣ ከድንጋጤውም በፊት፣ ደረቴ ውስጥ ያ የድሮ የማውቀው ነገር ተነሣ። ቀናሁባት። በሬሳዋ ቀናሁ። እኔ ስሞት ማን ሱቁን ይዘጋል?

ስሜቱ አዲስ ቢሆን ኖሮ ባፈርኩ ነበር። ግን ከዘሃራ ጋር የኖርነው እንዲሁ ነው፤ እሷ ስትሠራ እኔ ስቀና።

ዘመኑ የደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነበር። ነገሌ በሚገኝ አንድ የእንስሳት ጤና ፕሮጀክት ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻን ነበርኩ። የዚያ ቆላ ከብት የሚከተብበት ክትባት እኛ ግቢ በፍሪዘር ይቀመጣል። ያ ክትባት ከቅዝቃዜ ከወጣ ይሞታል፤ ሲሞት ደግሞ መልኩ አይለወጥም። የሞተ ክትባት የተወጋ ከብትና ያልተከተበ ከብት አንድ ናቸው። በሽታው ሲገባ መንጋ ሙሉ ይዞ ይሄዳል። «ደስታ» ይባላል በሽታው። ስም ያወጣለት ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ።

ፍሪዘሮቹን እንዲጠብቅ ከውጭ በእርዳታ አንድ ኮምፒውተር መጣልን። እኔ አዲስ አበባ ሄጄ አጭር ኮርስ ወስጄ ተመለስኩ፤ ከዚያ ወዲያ ነገሌ ላይ ስሜ ታደሰ መሆኑ ቀረና «ኢንጂነር» ሆንኩ። አስተማሪዎች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች ሳይቀሩ አረንጓዴ ፊደል የሚያወጣውን ማሽን ሊያዩ ይመጣሉ። ነጭ ካፖርቴን ለብሼ በር ላይ እቀበላቸዋለሁ። ያ ጊዜ እንዴት ጥሩ ነበር!

አንድ ችግር ብቻ ነበረ። ማሽኑ ሰዓቱን ያሳያል እንጂ የፍሪዘሮቹን ቅዝቃዜ አያሳይም። ፍሪዘሮቹ ውስጥ ጥፍር የሚያካክሉ ቺፖች ተገጥመዋል፤ ሥራቸው ቅዝቃዜውን እየለኩ ለኮምፒውተሩ መንገር ነው። ሁሉም የተሰደሩት በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ላይ ነው። በአንዱ ሽቦ ምት ይመታል፣ በሌላው ቃል ይመላለሳል። ኮምፒውተሩ ቺፖቹን በየተራ በአድራሻቸው ይጠራቸዋል፤ የተጠራው ብቻ መልስ ሰጥቶ ቁጥሩን ይናገራል። እኔ ጠራሁ፣ ጠራሁ፣ ከሰዓቱ ቺፕ በቀር የሚሰማኝ ጠፋ። «ከአዲስ አበባ ባለሙያ ይላክልን» ብዬ አመለከትኩና መጠበቅ ጀመርኩ።

የተላከችልን ዘሃራ ነበረች፤ ያውም የነገሌ ልጅ። አባቷ ሐጂ ኑሩ ገበያው አፍ ላይ ጨርቅና ስኳር ይሸጣሉ። እሷ ምሥራቅ አውሮፓ ተልካ ኤሌክትሮኒክስ ተምራ፣ በዲግሪ ተመልሳ፣ አዲስ አበባ ላይ የሰጧትን ቢሮ ትታ «አገሬ መድቡኝ» ብላ የመጣች ናት። ከሻሸመኔ በጭነት መኪና ጋቢና መጥታ፣ አቧራዋን ሳታራግፍ ግቢያችን ገባች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፀ ትልቅ ሴት ናት። ሻሿ ላይ እርሳስ ሽጣለች፤ ጉንጯ ውስጥ ቅርንፉድ ይዛለች። እጇን ዘርግታ የማሽኑን ቆርቆሮ የታመመ ሕፃን ግንባር እንደሚነካ ሰው ዳሰሰችና፣

«ይሄ ነው አልናገር ያለው?» አለች።

«ይናገራል» አልኩ። «ሰዓት ይናገራል።»

«ሰዓትማ አውራ ዶሮም ይናገራል።»

በሩ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። ዘሃራን የጠላሁት ያን ጊዜ ነው ብል ውሸት ነው። ልቤን ግን ያን ጊዜ ቆንጠጥ አደረገኝ።

እሷ ችግሩን ለማግኘት አልቸገራትም። የኮምፒውተሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከርነል የሚባል ልብ አለው። ዕቃ ሁሉ ከልቡ ጋር የሚነጋገረው በድራይቨር ነው፤ ድራይቨር ማለት የዕቃውን ቋንቋ ለከርነሉ የሚያስተረጉም ትንሽ ፕሮግራም ነው። የሰዓቱ ቺፕ ድራይቨር ነበረው። የቅዝቃዜ ቺፖቹ ግን አልነበራቸውም፤ ዕቃውን የላኩት ሰዎች ረስተውታል ወይም የሌላ ማሽን ነው የላኩት። ይህንን ለሥራ አስኪያጃችን ለአቶ ተፈራ ልታስረዳ ገባች።

«የጎደለው ድራይቨር ነው» አለቻቸው።

አቶ ተፈራ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሹፌር አለን እኮ ልጄ። ሁለት ሹፌር አለን። መኪናው ነው የተበላሸው።»

ዘሃራ ወለሉ ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች። አለቃ ፊት እንዲያ የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም። አቶ ተፈራ መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ፤ ከዚያ እሳቸውም አብረው ሳቁ፣ እንባቸው እስኪመጣ። ስትወጣ «ጻፊው በቃ፤ የምትፈልጊውን ጠይቂኝ» አሏት። እኔ ስለዚሁ ነገር ስነግራቸው «አመልክት» ነበር ያሉኝ።

ጻፈችው። ሳምንታት ፈጀባት። የከርነሉን ወረቀት መጋዘን ውስጥ የመኖ ጆንያ ላይ ጋደም ብላ ታነባለች፤ ድንገት ብድግ ብላ ትሮጥና ትጽፋለች። ስትጽፍ ለማሽኑ ታወራለታለች፤ አንዳንዴ በአማርኛ፣ ሲብስባት በኦሮምኛ። የቺፑን መልስ «አቤት» ብላ የሰየመችው እሷ ናት። እኔ የምለው መጽሐፉ ላይ ያለውን የፈረንጅ ቃል ነበር። ከሷ በኋላ ግን ከዘበኛው እስከ አቶ ተፈራ «ዛሬ ቺፖቹ አቤት አሉ ወይ?» ሆነ ሰላምታው።

አንድ ቀን ከቺፖቹ ሁለቱ አንድ አድራሻ እንዳላቸው ደረሰችበት። አንዱ ሲጠራ ሁለቱም አቤት እያሉ ቃላቸው ይደባለቃል። አድራሻው የሚለወጠው ከቺፑ ጎን ካሉት ትንንሽ እግሮች አንዷን ከመሬት ሽቦው አላቅቆ ከኃይሉ ሽቦ ጋር በማገናኘት ነው። ይህንን እኔም አንብቤዋለሁ። አንብቤ፣ የውጭ ዕቃ ነው፣ ቢበላሽ ማን ይተካዋል ብዬ ተውኩት። እሷ መበየጃውን አሞቀች፣ ቅርንፉዷን ወደ ሌላው ጉንጯ ገፋች፣ የቺፑን እግር አነሣችና ወዲያ ማዶ በየደቻት። ውኃ የመጠጣት ያህል ነበር።

«አትፈሪም?» አልኳት።

«የውጭ ዕቃም በሰው እጅ የተሠራ ነው። ያ ሰው ምናልባት ምሳ ሰዓት ደርሶበት ቸኩሎ ይሆናል።»

ከርነሉን አዲሱን ድራይቨር ጨምራ እንደገና ገነባችው፣ የእያንዳንዱን ቺፕ አድራሻ አስገባችለት፣ ማሽኑን አጥፍታ አበራች። ቁጥሮቹ ተደርድረው ወጡ፤ የፍሪዘሮቹ ቅዝቃዜ፣ በየስማቸው። ዘሃራ እልል አለች። ግቢው ሁሉ ሮጦ መጣ፤ ጃርሶ የሞተ ሰው ያለ መስሎት ነው የመጣው። አቶ ተፈራ እጇን ጨበጡና ወደኔ ዞር ብለው «ሁለታችሁም ጎበዞች» አሉ። «ሁለታችሁም» ማለታቸው ከጨዋነት ነው። ያቺ ቃል ግን እሾህ ሆና ተሰካችብኝ።

ከዚያ ወዲህ ያላስቀናኝ ነገሯ የለም። ገበያ አብረን ስንወጣ መንገዱ የሷ ነው። «አካም ዘሃራ! ናጋ!» ይላል ቦረናው፤ ቆማ የከብቱን ደኅንነት፣ የልጁን ደኅንነት፣ የዝናቡን ነገር ሳትጠይቅ አታልፍም። ከሹፌሮቹ ጋር በሶማሊኛ ትቀልዳለች። እኔ ዓመታት ኖሬ ያለኝ ኦሮምኛ ሰላምታና የሥጋ ዋጋ ነበር። ቤቴ ስትመጣ ባለቤቴ አስቴር ለኔ ያላወጣችውን ሳቅ ታወጣለች። «ምነው አንተም እንደሷ ብትጫወት» አለችኝ አንዴ። ሰው ይህንን ሳወራ የድብቅ ፍቅር ይመስለዋል። አልነበረም። እሷን ማግኘት አልፈለግኩም፤ እሷን መሆን ነው የፈለግኩት። ቅርንፉድ ሳይቀር ጎርሼ ሞክሬያለሁ። ምላሴን አቃጥሎኝ ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

ነገሩ የተበላሸው ከአንድ ትንሽ ነገር ነው። የጄኔሬተሩ ኃይል ስለሚዋዥቅ ቺፖቹ አልፎ አልፎ ሳይሰሙ ይቀራሉ። አንዱ አቤት ሳይል ሲቀር የቁጥሩ ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት ብልጭ ይላል፤ ወዲያው ይመለሳል። እንግዳ በመጣ ቁጥር አቶ ተፈራ ይሳቀቃሉ። «እንግዳ ፊት አታሳፍሩኝ፤ ማሽኑ የታመመ ነው የሚመስለው» አሉ። ዘሃራ ድራይቨሩን አስተካከለችው፤ ቺፑ ዝም ሲል የመጨረሻውን የተናገረውን ቁጥር ይዘህ ቆይ አለችው። የማሽኑ ማያ ገጽ ጸጥ አለ። ቆንጆ ሆነ። ሁላችንም ወደድነው።

ከዚያ ደስታ በሽታ በሱማሌ ድንበር በኩል ገባ የሚል ወሬ መጣ። ዘመቻ ተጀመረ። ከፍሪዘር ክትባት እየወጣ ወደ ሊበን ይወርዳል። አንድ ጠዋት ከከታቢዎቹ አንዱ ዳር ያለውን ፍሪዘር ሲከፍተው በሩ ሥር ውኃ ኩሬ ሠርቷል። በረዶው ቀልጧል፤ ውስጡ ሞቅ ብሏል። ሠራተኞች ሳጥን ሲገፉ የፍሪዘሩን የኤሌክትሪክ ገመድና የቺፑን ሽቦ አንድ ላይ ነቅለዋቸዋል። ከጀርባ ስለሆነ ማንም አላየም። ቀናት አልፈውታል። በነዚያ ቀናት ክትባት ከዚያ ፍሪዘር ወጥቷል።

የክፍለ ሀገሩ ካድሬ በመኪና ከተፍ አለ። አጥፊ ይፈለጋል፤ አጥፊ ደግሞ ቅርብ ነው። «ጄኔሬተሩን እያጠፋ ናፍጣ ሸጧል» ተብሎ ጃርሶ ታሠረ። ሲወስዱት አንድ ጫማው ወልቆ ቀረ።

እኔና ዘሃራ ማሽኑ ፊት ቆመን ነበር። ማያው ላይ የዚያ ፍሪዘር ቁጥር እንደነበረ አለ፤ ከዜሮ በታች፣ ቀዝቃዛ፣ ንቅንቅ የማይል። ገመዱ መሬት ላይ ወድቆ፣ ቺፑ ሞቶ፣ ማያው ደኅና ነው ይላል። ወዲያው ገባኝ። ደስ አለኝ። ምን ልበል? ለቅጽበት ያህል፣ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ደስ አለኝ። ተሳሳተች! ይህቺ ሴት ተሳሳተች፤ ነገሌ ላይ ይህንን የሚያውቅ ከኔ በቀር ማንም የለም። አቶ ተፈራ ቢሮ ገብቼ እንዴት አድርጌ እንደምናገር፣ በምን ቃል እንደምጀምር ሳይቀር ታየኝ።

ዘሃራ ከማያው ዓይኗን ሳትነቅል «ታደሰ፣ አየኸው?» አለች።

«ምኑን?»

ዞራ አየችኝ። እርሳሷን ከሻሿ መዘዘችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ወጣች።

ተከትያት ስደርስ አቶ ተፈራና ካድሬው ፊት ቆማለች።

«ጃርሶን ልቀቁት» ትላለች። «ጄኔሬተሩ ሲሠራ ነው የከረመው። ገመዱ ተነቅሎ ነው። ማሽኑ ሊነግረን ይገባ ነበር፤ አልነገረንም።»

ካድሬው ደስ አለው። «ታዲያ ማሽኑ ነዋ የተሳሳተው! የኢምፔሪያሊስቶች ዕቃ!»

«ማሽኑ የነገርኩትን ነው ያደረገው። ዝም ያለውን ቺፕ እንደተናገረ አድርገህ አሳይ ያልኩት እኔ ነኝ። ስህተቱ የኔ ነው።»

«አሻጥር ነው እያልሽ ነው?»

አቶ ተፈራ ከመቀመጫቸው ተነሡ። በዚያ ዘመን ያ ቃል የት እንደሚያደርስ ሁላችንም እናውቃለን። ዘሃራም ታውቃለች፤ እጆቿን ከጀርባዋ አድርጋ ያዘቻቸው።

«ስህተት ነው እያልኩ ነው» አለች። «አሻጥር ብትሉትም እሺ። ግን መጀመሪያ ሊበን ልውረድ። ያ ክትባት የተወጉ ከብቶች አሉ። ባለቤቶቹ ዳኑ ብለው ከሌላ መንጋ ጋር ይቀላቅሏቸዋል። እኔ ከመጣሁ በኋላ እሰሩኝ።»

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አፌ ላይ የያዝኩትን ነገር አንድም ሳታስቀር ቀደመችኝ። እኔ ብናገረው ክስ ይሆን ነበር። እሷ ስትናገረው ምን እንደሆነ ስም የለኝም፤ ብቻ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሰዎች ሁሉ አነስን፣ እሷ ረዘመች። ስህተቷ ላይ እንኳ ቀናሁ።

አቶ ተፈራ በዚያ ቀን ጀግና ነበሩ። ካድሬውን ለምነው፣ አንድ ፖሊስ አስጨምረው፣ በተጠገነችው መኪና ላኩን። እኔን ያስጨመሩኝ ለማሽኑ ምስክር ልሁን ብለው ነው። ፖሊሱ፣ እሷና እኔ ከኋላ ተቀምጠን በዚያ ቀይ አፈር ውስጥ ሄድን። ዘሃራ ቅርንፉድ አልጎረሰችም።

የመጀመሪያው መንደር ስንደርስ ከብቱ ከኩሬ እየተመለሰ ነበር። ሽማግሌው አባ ቦሩ ከጥላ ሥር ተነሥተው «አካም፣ ናጋ» አሏት፤ ሰላምታውን እንደ ወጉ እስከ መጨረሻው ተለዋወጡ። ከዚያ ዘሃራ ነገረቻቸው። ኦሮምኛዬ ያንን ያህል ባይሆንም ተከተልኩት፤ መድኃኒቱ የሞተ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላወቅኩት፣ ከብቶቻችሁ አልተከተቡም፣ ከማንም ጋር አትቀላቅሉ፣ አዲስ ክትባት ይመጣል።  ከብቱ ይጮኻል።

አባ ቦሩ በበትራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «ይህን ሌላ የሚያውቅ ሰው ነበር?»

ዘሃራ ወደኔ አላየችም። «ማንም አልነገረኝም፤ እኔው ነኝ ያገኘሁት» አለች።

«ዝም ብትዪ በሽታው ነው እንል ነበር። አላህ ያመጣው ነው እንል ነበር።»

«አዎ አባ።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ሌላው መንጋ እንዳይጨመር።»

 ሽማግሌው «ዱጋ» አሉ፤ እውነት ማለታቸው ነው። ዞር ብለውም ወንዶቹን መላክ ጀመሩ፤ አንዱን ወደ ምሥራቅ መንደሮች፣ ሌላውን ወደ ጉድጓዶቹ። እኛ በመኪና ካዳረስነው እነሱ በእግር ያዳረሱት ይበልጣል።

ሁሉም እንደ አባ ቦሩ አልነበረም። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የሚታለቡ ላሞቿ ታመው አገኘናት። ዘሃራ ነገረቻት። ሴትየዋ አልጮኸችም፤ የወተት ዕቃዋን አንሥታ ጀርባዋን ሰጥታን ገባች። ላሞቹ አለቁ። ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን ሁሉ ዘሃራ ያቺን ሴት ባየቻት ቁጥር ቆማ «ናጋ» ትላታለች። ሴትየዋ መልሳ አታውቅም። ዘሃራም ሰላምታዋን አስቀርታ አታውቅም።

ሌላው መንጋ ግን ተረፈ። ተለያይቶ ቆየ፤ ከአዲስ አበባ አዲስ ክትባት ደረሰ፤ በሽታው ሊበንን ሳያጸዳ አለፈ። ዘሃራ በተናገረችው መሠረት ከመኪናው ወርዳ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ገባች፤ ጃርሶ ሲወጣ በር ላይ ተላለፉ። ጃርሶ እንዳጫወተኝ «ጫማህ ማሽኑ ክፍል ነው» ብቻ ነው ያለችው።

ሳምንታት ታሠረች። አስቴር ስንቅ ይዛላት ትመላለሳለች፤ እኔ አንድ ጊዜ ሄጄ በሩ ላይ ተመለስኩ፤ ሊጠይቃት የቆመው ሰው ሰልፍ ስላበሳጨኝ ነው። አቶ ተፈራ ላይ ታች ብለው አስፈቷት። ቅጣቷ ግን ተጻፈ፤ ማሽኑን እንዳትነካ፣ ክፍሉም እንዳትገባ። መጋዘን ቆጣሪ ሆነች።

ማሽኑ የኔ ሆነ። ስመኘው የኖርኩት ይኸው ነበር። ድራይቨሩን አስተካክል ተባልኩ፤ ቁጭ ብዬ የሷን ጽሑፍ ከፈትኩ። ሳነበው ዋልኩ። የተጣራ ነበር፤ አንድ የተረፈ ቃል የለበትም። ከዚያ መካከል ያቺን ስህተት አገኘኋት፤ አንዲት መስመር። መሰረዝ ቀላል ነው። ግን ቺፑ ለአንድ አፍታ ዝም ሲልና ጨርሶ ሲሞት እንዴት እንደሚለይ አላወቅኩም። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ከርነሉን ገነባሁ፣ ማሽኑ አልነሣ አለ። የድሮውን መልሼ አስነሣሁ። ነገርን ለመንካት ያለኝ ፍርሃት ተመልሶ መጣ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ዘሃራ ናት፤ ደፉ ላይ በርጩማ አድርጋ ተቀመጠች። አንድ ጣቷም ወደ ውስጥ አልገባም።

«አልገባሁም» አለች ለዘበኛው፣ እግሮቿን እያሳየች። «ውጭ ነኝ።» ከዚያ ወደኔ፣ «የት ደረስክ?»

«ደርሻለሁ። ልጨርስ ነው።»

«እኮ የት?»

ማያውን በክንዴ ከለልኩባት። ሳቀች፤ ሳቋ ግን የድሮው አልነበረም። «ታደሰ፣ አንተ ከኔ ይልቅ ጠንቃቃ ነህ። የማትሳሳተው ግን ጠንቃቃ ስለሆንክ አይደለም። ስለማትጽፍ ነው።»

ማንም እንዲያ ብሎኝ አያውቅም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሥቼ በሩን ልዘጋባት ፈለግኩ፤ ግን ተቀመጥኩ። «ልሳሳታ» አልኩ። «ተቀመጪና ስሳሳት እዪ።»

አየችኝ። ቀናት እዚያ ደፍ ላይ ተቀምጣ አየችኝ። መልሱን አልሰጠችኝም፤ ትጠይቀኛለች እንጂ። «አንድ ሰው ጠርተህ ዝም ቢልህ ምን ታደርጋለህ?» «ደግሜ እጠራለሁ።» «ከዚያስ?» «ሦስተኛ እጠራለሁ።» «ከዚያስ?» «ሄጄ አያለሁ።» «ይኸው፤ ጻፈዋ።» እንዲያ እያልን ድራይቨሩ ተጻፈ፤ ቺፑን ደጋግሞ ይጠራል፣ አቤት ካላለ ቁጥሩን ያጠፋና ደወል ይደውላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። እያንዳንዷ መስመር የኔ ናት።

አቶ ተፈራና ሠራተኛው ተጠሩ። ጃርሶ የአንዱን ፍሪዘር ሽቦ ነቀለው። ጠበቅን። ቁጥሩ ከማያው ጠፋና ደወሉ ጮኸ። ግቢው አጨበጨበ። «ኢንጂነር!» አሉኝ፤ ዓመታት ያልሰማኋትን ቃል። ዞር ስል በደፉ ማዶ ዘሃራ ቆማ ታጨበጭባለች፤ ከሁሉ አስበልጣ፣ መዳፏ እስኪቀላ።

«ከኔው ይበልጣል» አለች። «ያ ደጋግሞ የመጥራቱ ነገር እንዴት ያምራል! እኔ እንዲያ አላሳምረውም ነበር።»

ፊቷን ፈተሽኩ። አንዲት የምሬት ጭረት፣ አንዲት የይስሙላ ነገር ፈለግኩ። አልነበረም። ከልቧ ነው። የኔ ድል ቀን ላይ የደስታው ባለቤት እሷ ሆነች። እኔ ለማንም ሰው እንዲያ ብዬ አላውቅም፤ እስከ ዛሬም ሞክሬ አልወጣልኝም።

ከዚያ መንግሥት ወደቀ። የተበተነ ወታደር በነገሌ ሲያልፍ ግቢያችን ተዘረፈ፤ ፍሪዘሮቹ፣ ጄኔሬተሩ፣ ማሽኑ፣ ሁሉም ሄደ። የማሽኑን የቆርቆሮ ሽፋን ገበያ ላይ አየሁት፤ አንዲት ቅቤ ሻጭ ተቀምጣበታለች። ፕሮጀክቱ ተዘጋ። አቶ ተፈራ ወደ ቤተሰባቸው ሄዱ። እኔና አስቴር ዕቃችንን ሸክፈን ወደ ሻሸመኔ በሚወጣ ጭነት መኪና ላይ ቦታ አገኘን።

ልሰናበታት አባቷ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ ኑሩ ደክመው ቤት ስለዋሉ ሱቁን ይዛለች። የሰው ሬዲዮ ፈትታ የስኳር ጆንያ ላይ ዘርግታለች። ዙሪያዋን ሰው ነው፤ አንድ ሹፌር፣ አንድ አስተማሪ፣ ጃርሶ፣ ከሊበን የመጡ ሁለት ቦረናዎች። እንድቀመጥ ጆንያ ጎተተችልኝ። አልተቀመጥኩም፤ መኪናው ሊነሣ ነው አልኩ።

«አዲስ አበባ ማሽን ሞልቷል» አለችኝ። «ከርነሉን እንዳትፈራው እሺ?»

«አንቺስ? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ሬዲዮውን አነሣችና አሳየችኝ። «ይኸው። ይሄም አልናገር ብሏል።»

እጄን ጨበጠችኝ፤ ሁለት እጄን፣ በሁለት እጇ። ብዙ ልናገር የሚገባኝ ነገር ነበር። «ደኅና ሁኚ» አልኩ፣ ወጣሁ።

መኪናው በሱቁ ፊት ነው የሚያልፈው። ከጋቢናው መስኮት ዞር ብዬ አየሁ። አስተማሪው የሆነ ነገር ተናግሯል መሰለኝ፣ ዘሃራ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ያንን የቀድሞዋን ሳቅ፣ ወለል ላይ የሚያስቀምጠውን፣ ትስቃለች። ጃርሶ ሆዱን ይዟል። ቦረናዎቹ ቀልዱ ባይገባቸውም በሳቋ ይስቃሉ። አስቴር ከጎኔ እጇን ታውለበልባለች፤ እነሱ ግን አላዩንም።

ዓመታት ስቀና የኖርኩት በእሷ ነበር። ያን ቀን ግን አቧራው ሱቁን እስኪሸፍነው ድረስ ዞሬ ሳይ የቀናሁት በሌሎቹ ነው፤ ጆንያው ላይ በቀሩት፣ ነገም እዚያው ሊቀመጡ በሚችሉት።